ከቤቱ ጋር የገዛናቸው ሴትዮ

ቤት ለመግዛት የወሰንነው ታክሲ ነጂው ባለቤቴ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲከራከር ውሎ በተሸነፈበት ቀን ነው። የክርክሩ ርዕስ «አሜሪካ እየኖረ አፓርትመንት የሚከራይ ሰው ሞኝ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። እሱ ቀኑን ሙሉ «አይደለም» ብሎ ተሟግቶ፣ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «ሞኝ ነን» አለኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ተጋምሰው ነበር። የምንኖረው ዳላስ ውስጥ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ነበርኩ። ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ መስደብ ሲጀምሩ ፈገግ ማለት ነው ሥራዬ። ከዚህ በቀር ስለ ቤትም ስለ ተከራይም የማውቀው ነገር አልነበረም፤ አውቃለሁ ብዬ ግን አምን ነበር፣ ምክንያቱም አባቴ አከራይ ነበር።

አባቴ አዲስ አበባ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች ነበሩት። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ተከራዮቹ በማግስቱ የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። ቤቱን ማጣቱ አይደለም አባቴን ያንገበገበው፤ ሰዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ማለት መተዋቸው ነው። ከዚያ ወዲያ «ተከራይ» የሚለውን ቃል የሚጠራው እንደ በሽታ ስም ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ የወረስኩት ያንን ብቻ ነው፤ ቤቱ ተወርሷል፣ ቂሙ ግን በሙሉ ደርሶኛል። ይኼን ቂም ይዤ አሜሪካ መጥቼ፣ ምንም በማያውቁ አንዲት የቴክሳስ አሮጊት ላይ ልወጣው ነው እንግዲህ።

ሪልተራችን፣ ቤት አሻሻጩ፣ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ሰው ነበር፤ መዘምራን ውስጥ በወፍራም ድምፁ የሚታወቅ። እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይጸልይ ቁልፍ አያወጣም። ስድስት ቤት አሳየን፣ ስድስት ጊዜ ተጸለየ። አምስቱን ጌታ አልፈቀደም አለን፤ አልፈቀደም ያለው ባንኩ ነበር። ስድስተኛው ኧርቪንግ ውስጥ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ሰፈር ያለ ዱፕሌክስ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት የጡብ ቤቶች፣ በመካከላቸው አንድ ስስ ግድግዳ። የግራው ባዶ ነው፤ በቀኙ ተከራይ አለች።

«እሷስ?» አልኩት።

«አሮጊት ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እናንተ ስትገዙ ኖቲስ ትሰጧታላችሁ፣ ትወጣለች። ቀላል ነው።»

ቀላል መሆኑን የሰማችው የባለቤቴ እህት ናት። ከባሏ ጋር የቀኙን ቤት ልትገባ ተስማማን። በአንድ ግቢ፣ አንድ ቤተሰብ። እሷ ከመደሰቷ ብዛት እኛ ሳንፈርም የራሷን አፓርትመንት እለቃለሁ ብላ ጻፈች።

ቁልፍ በተረከብን በሁለተኛው ቀን፣ ሪልተሩ የተየበልንን ደብዳቤ ይዘን ቀኙን በር ልናንኳኳ ተነሣን። በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲለቁ የሚል ደብዳቤ ነው። ባለቤቴ ኬክ ገዝተን እንሂድ አለ።

«ሰው ልናስወጣ እኮ ነው የምንሄደው» አልኩት።

«ታዲያ ባዶ እጃችንን?»

ኬክ ገዛን።

በሩን የከፈቱት ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታቸውን እንደ ወንድ ያሳጠሩ ሴትዮ ናቸው። ድመት የምታክል ውሻ እግራቸው ሥር ሆና ለሦስት ውሻ ትጮሃለች። ለሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ ነድተው ጡረታ እንደወጡ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ድምፃቸው ግን ያን ጊዜውኑ ነግሮኛል። ከኋላ ወንበር የሚረብሽን ልጅ፣ ዞር ሳይሉ ቁጭ የሚያደርግ ድምፅ ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ እኩል ለእኩል ነው የተነጋገርነው። እዚህ ላይ አንቱ እያልኩ የማወራው ዛሬ ስለሆነ ነው፤ ያኔማ በልቤ አንቺም ያልኳቸው አይመስለኝም።

ኬኩን ተቀበሉ፣ ደብዳቤውን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ቆመው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ አልተቆጡም። ወደ ኩሽና ሄዱ፣ ፍሪዘሩን ከፈቱ፣ ከዶሮና ከአይስክሬም መሃል አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡ። ከረጢቱ ውስጥ በረዶ የያዘ ወረቀት አለ።

«ቤት ቢቃጠል ፍሪዘር ውስጥ ያለ አይቃጠልም» አሉን፣ በረዶውን በእጃቸው እየጠረጉ።

ሊዛቸው፣ የኪራይ ውላቸው ነበር። የድሮው ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ ሲል የፈረመላቸው፣ ገና አሥራ አራት ወር የሚቀረው ሊዝ።

ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀበለና ይዞት ቆመ፤ እያነበበ ሳይሆን እየቀዘቀዘው።

«ሊዝ ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው፣ ሃኒ» አሉኝ ለእኔ። «ቤቱን ስትገዙ እኔንም ገዝታችኋል።»

ከዚያ ኬኩን ቆረሱና የራሳችንን ኬክ በሰሃን አድርገው ሰጡን። እኛ ስንበላ እሳቸው መሳቢያ ከፍተው ሌላ ወረቀት አመጡ። መጠገን ያለባቸው ነገሮች ዝርዝር ነው፤ አሥራ አንድ ነገር፣ በቁጥር የተጻፈ፣ በቀጥታ መስመር። የድሮው ባለቤት እሠራለሁ እያለ ሳይሠራ የሸጠው ሁሉ። ባለቤቴ የሚያነጥብ ቧንቧ ሲያይ ባልዲ ከሥሩ የሚያደርግ ሰው ነው። ዝርዝሩን አየና «ኦኬ» አለ። ሰው ልናስወጣ ገብተን፣ ኬክ በልተን፣ የአሥራ አንድ ነገር ባለዕዳ ሆነን ወጣን።

መኪና ውስጥ ሆኜ ሪልተሩ ጋ ደወልኩ።

«ሊዙን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ማለቴ… ጌታ መንገድ ይከፍታል ብዬ ነው።»

የባለቤቴ እህት ግን እንዲህ በቀላሉ ተስፋ የምትቆርጥ አይደለችም። ቀን ቀን በቴሌቪዥን የሚታዩ የፍርድ ቤት ፕሮግራሞች አያመልጧትም፤ ሕግ ያነበበች ያህል ትናገራለች። «ደብተር ግዢ» አለችኝ። «ጥፋቷን ሁሉ በቀኑ እየጻፍሽ ያዢ። አንድ ቀን አንድ ነገር ታጠፋለች፣ ያኔ ደብተሩን ይዘን እንሄዳለን።» እሷና ባሏ ለጊዜው ሌላ ትንሽ አፓርትመንት ገቡ፤ ሳምንት በሳምንት ስልክ እየደወለች «ምን አጠፋች?» ትለኛለች።

እኛ የግራውን ቤት ገባን፣ ደብተርም ገዛሁ። ችግሩ ሴትዮዋ ጥፋት አልነበራቸውም። ኪራዩን በወሩ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ራሳቸው አምጥተው ይሰጡናል፤ ቆሻሻቸውን በሰዓቱ ያወጣሉ። በመጀመሪያው ወር የጻፍኩት «ውሻዋ ጠዋት ትጮሃለች» የሚል ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ደግሞ እሳቸው ናቸው እኛን የከሰሱን። አንድ ቅዳሜ አጥር ላይ ደገፍ ብለው «ባልሽ እሁድ እሁድ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» አሉኝ።

ባለቤቴ እሁድ እሁድ አገር ቤት ይደውላል። መስመሩ ስለማይሰማ ይጮሃል፤ በዚያ ላይ የሚያወራው ጆሮው ከደከመ አባቱ ጋር ነው። «አይጣላም፣ አባቱን ሰላም እያለ ነው» አልኳቸው።

«አምላኬ፣ ሲጣላማ ምን ሊሆን ነው» አሉና ገቡ። ይኼንንም «ታዳምጣለች» ብዬ ጻፍኩት።

ሰኔ ላይ ግን ደብተሬ የሚጠብቀው ነገር መጣ። የቴክሳስ ሙቀት በደንብ ሲጀምር ሴትዮዋ ከጋራዡ ጥቁር የጎማ ቱቦ አወጡ፤ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ። በቤቱ ዙሪያ፣ በእኛም በኩል በእሳቸውም በኩል፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርገው መሬት ላይ ዘረጉትና ቧንቧውን ከፈቱ። አበባ የለም፣ አትክልት የለም፣ ሣሩም ከዚያ ወዲያ ነው። ውሃው ባዶ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ግማሽ ቀን ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ከፈቱት።

«ምን እያጠጡ ነው?» አልኳቸው።

«ቤቱን» አሉ።

«ቤቱን?»

«ቤቱን። ካላጠጣሽው ይጠማዋል።»

ፈገግ አልኩና ወደ ቤት ገባሁ። እንግዲህ ሥራዬ ከአረጋውያን ጋር ነው፤ ጠዋት ተነሥተው ለሞተ ባላቸው ቁርስ የሚያዝዙ፣ ግድግዳውን እንደ ሰው የሚያነጋግሩ ሴቶችን በየቀኑ አያለሁ። ሐኪም ሳያስፈልገኝ በሽታውን ለየሁት። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ «አእምሮዋ ሄዷል» አልኩት። ውሃው ደግሞ በሊዙ መሠረት በእኛ ስም ነው የሚቆጠረው።

ያን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ አወራሁት። ቤት ያጠጣሉ፣ ይጠማዋል ይላሉ እያልኩ፣ ድምፃቸውን ሳይቀር አስመስዬ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሪልተሩ ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ኧርቪንግ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ስንት ዓመቱ ነው፣ እሱም አያውቅም ነበር ማለት ነው። የባለቤቴ እህት ግን አልሳቀችም። «ይኼ ነው» አለች፣ ሹካዋን አስቀምጣ። «ንብረት ማባከን። ጻፊው። እስከዚያ ግን ቧንቧውን ዝጉባት።»

በማግስቱ ባለቤቴ ከውጪው ቧንቧ ላይ እጀታውን ፈትቶ የኩሽናችን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሴትዮዋ አንኳኩ። «የቧንቧው እጀታ የት ሄደ?»

«ተሰብሮ ነው» አልኩ። «አዝዘናል፣ ይመጣል።»

ትንሽ አዩኝ። አውቶብስ ሲነዱ ስንት ሺህ ልጅ እንደዋሻቸው ሳስበው፣ የእኔ ውሸት ምን ያህል ለጋ እንደነበረ ይገባኛል። «ኦኬ፣ ሃኒ» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የደብተሬ ምርጥ ገጽ የተጻፈው። ለጠዋት ሺፍት ስወጣ፣ ገና ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ሴትዮዋን በሌሊት ልብሳቸው ሆነው በድስት ውሃ ተሸክመው ሲወጡ አገኛቸው ጀመር። በቀስታ ያፈስሱታል፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይዘው ይወጣሉ። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። «በድስት ውሃ ታወጣለች፣ ከራሷ ጋር ታወራለች» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑንም ጻፍኩ። ከውሻቸው ጋር ነበር የሚያወሩት፤ እሱን አልጻፍኩም።

ሐምሌ በሙሉ ዝናብ አልጣለም። ነሐሴም ገባ፣ ጠብ አላለም። የመኝታ ቤታችን በር ሲዘጋ መሬቱን ይፍቅ ጀመር። ባለቤቴ «እንጨቱ ሙቀት ነክቶት ነው» አለና በትከሻው ይገፋው ጀመር። ቀጥሎ የመስኮቱ ጥግ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየሁ። ቀለም ነው ብዬ ተውኳት። በሳምንቷ ጣት ታስገባ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ዕረፍት ነበረኝ። ባለቤቴ ኤርፖርት ነው። ሻወር ወስጄ በፎጣ ሆኜ በሩን ስስብ እንቢ አለኝ። እንደገና ሳብኩት። የበሩ አናት ከመቃኑ ጋር ተነካክሷል። እግሬን ግድግዳ ላይ አድርጌ ሳብኩት፤ እጀታው በእጄ ላይ ቀረ። ስልኩ ሳሎን ነው። መስኮቱ ጭንቅላቴን እንጂ ትከሻዬን አያሳልፍም። ግማሽ ሰዓት ያህል ራሴን ካጽናናሁ በኋላ፣ በሻምፖ ጠርሙስ ግድግዳውን መደብደብ ጀመርኩ።

«ማነው?» አለ ከግድግዳው ወዲያ ያ ድምፅ።

«እኔ ነኝ። የመታጠቢያ ቤቱ በር አልከፈት አለኝ።»

«ተጣብቆብሻል ወይስ ተቆልፎብሻል?»

«ተጣብቆ።»

«እሺ፣ እዚያው ቆዪ» አሉኝ፣ የምሄድበት ያለ ይመስል።

ብዙም ሳይቆይ በመስኮቱ በኩል ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ታጣፊ ወንበር፣ በሌላው መዶሻና ጠመንጃ መፍቻ ይዘዋል። ውሻዋም አለች። ወንበሩን ከመስኮቱ ሥር ዘረጉ፣ ተቀመጡ፣ ሲጋራ ለኮሱ። እኔ ፎጣዬን አንቄ የመጸዳጃው ክዳን ላይ ቆሜ ወደ ታች አያቸዋለሁ።

«ማጠፊያዎቹ ያሉት በአንቺ በኩል ነው» አሉ። «መሃላቸው ያለውን ዘንግ ወደ ላይ መትተሽ ካወጣሽው በሩ በዚያ በኩል ይወልቃል። ቀላል ነው።»

«እሺ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

መዶሻውን አልሰጡኝም። ጭሱን አወጡ። «የቧንቧው እጀታ መጣ እንዴ?»

«ገና ነው» አልኩ።

«እ።» ሲጋራቸውን አዩት። «እኔ ዛሬ ምንም ቀጠሮ የለኝም።»

ውሻዋ እግራቸው ላይ ጋደም አለች። አንድ አውሮፕላን አለፈ። ውስጥ ያለው ሙቀት፣ የሻወሩ እንፋሎት፣ የፎጣው ነገር ተደማምሮ፣ ኩራቴ ከዚያ በላይ አላራመደኝም።

«የኩሽናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው» አልኩ።

«ተሰብሮ?»

«ሳይሰበር።»

«ገባኝ» አሉና ተነሥተው መዶሻውንና መፍቻውን አቀበሉኝ። አልሳቁም፣ አልተሳደቡም። «ከታችኛው ማጠፊያ ጀምሪ። ከላይ ከጀመርሽ በሩ በላይሽ ላይ ይመጣል። ቀስ ብለሽ፣ ሦስት ጊዜ ምቺ… አይ፣ መፍቻውን ቀና አድርጊው… አሁን ምቺ።» እንዲህ እያሉ፣ በሩን ሳያዩት፣ በድምፁ ብቻ መሩኝ። ዘንጎቹ ወጡ፤ በሩን በማጠፊያው በኩል ጎትቼ አወለቅኩት። ልብስ ለብሼ ስወጣ ወንበራቸውን አጥፈው ገብተው ነበር። መዶሻቸውን ልመልስ ሳንኳኳ «ያዢው፣ ያስፈልግሻል» አሉኝ በበሩ ስንጥቅ።

ባለቤቴ ማምሻውን ሲመጣ ያለ በር ያለውን መታጠቢያ ቤት አሳየሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፎጣውን ጨምሮ። ወደ ውጪ ወጣና በቤቱ ዙሪያ መሄድ ጀመረ። ጡቡ ከመስኮታችን ጥግ ጀምሮ እንደ ደረጃ እየወረደ ተሰንጥቋል። እሱ ግን ጡቡን አይደለም የሚያየው፤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ነው። ከቤቱ መሠረት ሥር አፈሩ ሸሽቶ ክፍተት ሠርቷል። እጁን አስገባው። እስከ አንጓው ድረስ ገባ።

አንድ ጓል አነሣና በጣቱ ፈረከሰው። «ይኼ እኮ ዋልካ ነው» አለ።

«ምን?»

«ዋልካ! ጥቁር አፈር። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል።» መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ባለቤቴ ያደገው በቾ ነው፤ አባቱ ዋልካ ላይ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። «በበጋ ስንጥቁ የበሬ እግር ይውጥ ነበር። አባባ ወፍጮ ቤት እዚህ አፈር ላይ አይሠራም ብለው ሰፈሩን ሁሉ ሲያስጠነቅቁ ሰምቻለሁ። እኔ እዚህ መጥቼ፣ ሣር ስላለበት፣ አፈር መሆኑንም ረሳሁት።»

እንዲያ አዝኖ አይቼው አላውቅም። በር ስለተበላሸ አይደለም፤ በዓለም ላይ በደንብ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ያ አፈር ነው፣ እሱንም አንዲት የአውቶብስ ሾፌር በለጠችው።

እጀታውን ከመሳቢያ አወጣና ቀኙን በር አንኳኳ። እኔ ከኋላው ቆምኩ። በሩ ሲከፈት እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ባለቤቴ እንዲህ የሚጎነበሰው ለንስሐ አባት ነው።

«ይቅርታ» አለ። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ይኼን አፈር አውቀዋለሁ። በአገሬ በሬ ይሰብራል።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ያንተ ይብሳል» አሉት። እጀታውን ተቀበሉና አብረውት ወጡ። አሁን በአንድ ጊዜ በብዛት እንዳያፈስበት፣ በቀስታ፣ በየሦስት ቀኑ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ እያሉ አሳዩት። ባለቤቴ በየቃሉ «የስ ማም» ይላል።

መሠረት የሚጠግን ባለሙያ ጠራን። በሆዱ ተኝቶ ለካ፣ ዞረ፣ ለካ። የእኛ ጥግ ሦስት ቦታ በምሰሶ መደገፍ አለበት አለን። «የቀኙ ወገን ግን ደህና ነው» አለ፣ ራሱን እያከከ። «በዚህ ድርቅ እንዴት ደህና ሊሆን ቻለ? በዚያ በኩል የሚያጠጣ አለ እንዴ?»

ያኔ ነው ድስቱ የገባኝ። እጀታውን ከወሰድንባቸው ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ የእኛኑ ቤት የቀኝ ግማሽ በድስት ሲያጠጡ የከረሙት እኔ እንደ ማስረጃ ስጽፍባቸው ነበር። የእኛን ግማሽስ ለምን ተዉት እንዳልል፣ የአቅማቸውን ነው ያደረጉት።

ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ለምን በደንብ አልነገሩኝም?»

ሳሎናቸው ተቀምጠው ነበር፣ ውሻዋ ጭናቸው ላይ። «ነግሬሻለሁ» አሉ። «ሳቅሽ።»

ቤት ገብቼ ደብተሩን አቃጠልኩት ብል ያምርልኝ ነበር። ግን አዲስ ደብተር ነው፤ የተጻፈባቸውን ገጾች ገንጥዬ በቀረው የአስቤዛ ዝርዝር ጻፍኩበት።

የባለቤቴ እህት በስልክ ስትደውል «ምን አጠፋች?» አለች። «እኛ ነን ያጠፋነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ወር አኮረፈችን። በኋላ በዚያው በሪልተራችን በኩል ኧርቪንግ አቅራቢያ፣ ቤድፎርድ ውስጥ ቤት ገዛች። በስልክ እንኳን ደስ ያለሽ ብለናት «በበጋ ቤቱን አጠጪው» ስንላት ሳቀች። እኛ ነግረናታል።

በዚያ መኸርና በፈረንጆቹ ክረምት ሴትዮዋ ባለቤቴን ሥራ አስተማሩት። ከአሥራ አንዱ ዝርዝር በየሳምንቱ አንድ ይመርጣሉ፣ ያቺን ታጣፊ ወንበር ይዘረጋሉ፣ እሱ ይፈታል፣ እሳቸው ያዝዛሉ። አንዴ መጸዳጃውን ሲገጥም ሰባበረው፤ «ይኸውልህ፣ አሁን ከምን እንደተሠራ አየህ» አሉትና አዲስ ሊገዙ አብረው ሄዱ። እሱም በታክሲ ሰልፉ ላይ ቧንቧ ስለመግጠም የሚከራከር ሰው ሆነ። በዚያ ዓመት ክርክር አልተሸነፈም። እኔ ከእሳቸው ጋር ጓደኛ ሆንኩ ብዬ አልዋሽም። ጓደኛ አልሆንንም። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር ላይ እናወራለን፣ ወገባቸውን አንዳንዴ አሽላቸዋለሁ፣ እሳቸውም የባለቤቴን ስልክ እየሰሙ «ዛሬ አባቱ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ቀነስ አድርጎ ነው የጮኸው» ይሉኛል።

ሊዙ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው አዲስ ሊዝ ይዘን ሄድን፤ ለሁለት ዓመት። እየለመንን ነበር ማለት ይቻላል። እስከ መጨረሻው አነበቡትና መልሰው ሰጡን።

«እኅቴ ዳሌዋን ተሰብራለች» አሉ። «ከፎርት ወርዝ ወዲያ፣ አንድ ሰዓት መንገድ ነው የምትኖረው። እሷ ጋ ልገባ ነው።»

«መቼ?» አለ ባለቤቴ።

«ሊዜ ሲያልቅ። አንድ ቀን አላሳልፍባችሁም።»

ወራት ሙሉ ይውጡልኝ ስል የነበርኩ ሴት፣ ይሄዳሉ ስባል የተቀማሁ ያህል ተሰማኝ። «ኖቲስ መስጠት ነበረብዎት» አልኩ።

«አሁን እየሰጠሁሽ ነው» አሉ።

የሄዱት ቅዳሜ ቀን ነው። የወንድማቸው ልጅ ፒክአፕ ይዞ መጣ፤ ዕቃቸው ከሁለት ዙር አላለፈም። ከመሄዳቸው በፊት ቤቱን አብረን ዞረን እንድናይና ቅጽ እንድንሞላ ግድ አሉ። ባለቤቴ «አያስፈልግም፣ እናምንዎታለን» ብሎ ሊፈርም እስክሪብቶ ሲያወጣ እጁን ያዙት። «ሳታይ አትፈርም። ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው እንደኔ አይደለም።» ክፍል በክፍል አዞሩት፤ መስኮት እያስከፈቱ፣ ውሃ እያስለቀቁ። መጨረሻ ላይ ፈረመ፣ ማስያዣቸውን ሰጠናቸው፣ ቁልፉን ሰጡን። ውሻዋን ፒክአፑ ላይ አስቀመጡ። ለእኔ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔ ግን ሳምኳቸው፣ በእኛ ወግ፣ ግራ ቀኝ ግራ። አንገታቸውን ማዞር ስላልቻሉበት አፍንጫችን ተጋጨ።

ማግስቱን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ ቀኙን ቤት አየት አድርገን እንምጣ አለ። ቁልፉ እጁ ላይ ነው። በሩ ጋ ደረሰና አንኳኳ። ማንም እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ትንሽ ቆመን ጠበቅን፣ ከዚያ ከፍተን ገባን።